ሦስት ሰው ያጠጣት ተክል

«እትዬ ሜትር» የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የልኬት ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። አንዴማ የዓይን ሐኪሙ «ይሄን ነገር አውልቂና ተረጋግተሽ ተቀመጪ» ብሏታል። ሰው በሯ ላይ ሲቆም ገና ሰላም ሳትለው ወገቡን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። «ጨምረሃል» ትለዋለች። ሰላምታዋ ይኸው ነው።

ስፌት ቤቱን የምትሠራው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። ታናሽየዋ ሃምሳን ከተሻገረች ቆየች፣ የልጅ ልጅም አይታለች፤ ስሟ ግን ዛሬም ሚጣ ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ መርፌ መያዝ እያስተማረች ያሳደገቻት እትዬ ሜትር ናት። ለዚህም ይመስላል ሚጣ አስነጥሳ «አፍሽን ሸፍኚ» ሳትባል ያለፈችበት ቀን የለም።

እነዚህ ሁለቱ ተኳረፉ። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ስትለካ «ለመሆኑ እትዬ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ዓይናቸው እንዴት ይገርማል!» ብትል፣ ሚጣ መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች እቅጩን ነገረቻት። እትዬ ሜትር መጋረጃው ጀርባ ነበረች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለእህቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሥራ ግን አይቆምምና ንግግሩ ሁሉ በልብስ ተኳሹ በኩል ሆነ። ተኳሹ በሁለቱ የስፌት መኪናዎች መሀል ካውያውን ይዞ የሚውል፣ ጸብ የማይወድ ቀጭን ሰው ነው።

«ጥቁር ክር አልቋል በላት።»

«ጥቁር ክር አልቋል ይላሉ።»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም በላት።»

ክፍሉ እጅ ቢዘረጉ ከግድግዳ ግድግዳ የሚያደርስ ነው። ተኳሹ አንዳንዱን ቃል በራሱ ሥልጣን ያለዝበው ነበር። አንድ ቀን «ምላሷን ትሰብስብ በላት» የተባለውን «እትዬን ናፍቀሻቸዋል መሰለኝ» ብሎ ቢያደርሰው ከሁለቱም ወገን ተሰደበ።

በመስኮቱ ሥር አንዲት ተክል ነበረች፤ ሙቀት ከሚበዛበት ጫካ የመጣች፣ ቅጠሏ እንደ ትሪ የሰፋ። ያመጣላቸው ከችግኝ ጣቢያ ጡረታ የወጣ ደንበኛቸው ነው፤ አባባ ችግኝ ይሉታል። ሲያመጣት እትዬ ሜትር ቅጠሉን አገላብጣ አይታ «አባባ፣ አታልለውዎታል! ይቺ እኮ ተቀዳድዳለች» ብላው ነበር። ተፈጥሮዋ መሆኑን እስኪያስረዳት ላብ አጠመቀው። እሷም በክብር ተቀብላ፣ ውሃው ወርዶ ጨርቅ እንዳያበላሽባት ብላ ከታች ቀዳዳ በሌለው ቆንጆ ማሰሮ ተከለቻት።

ኩርፊያው ሲመጣ ታዲያ ተክሏን ማን ያጠጣ የሚል ወሬ በተኳሹ በኩል ሳያልፍ ቀረ። እትዬ ሜትር «ያቺ ስለ ራሷ እንጂ ስለ ተክል የት ታስባለች» ብላ ጠዋት ገና በሩን ስትከፍት ታጠጣለች። ሚጣም «እሷ ለሰውም አላዘነች» እያለች ማታ እህቷ ከወጣች በኋላ ታጠጣለች። ተኳሹ ደግሞ «በሁለቱ ጸብ ይቺ ምስኪን በጥም ልትሞት ነው» ብሎ ምሳ ሰዓት ላይ የካውያውን ትርፍ ውሃ ያንቆረቁርላታል። ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ሦስቱም በየፊናቸው «ጠምቷታል» ብለው ጨመሩላት።

ቀጥሎ ሽታ መጣ። ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ተኳሹ እግር ማየት ጀመሩ። ሰውዬው ጫማውን አጠበ፤ አልለቅ ቢለው ጥሎት በነጠላ ጫማ መጣ። ሽታው እዚያው ነው።

አንድ ረፋድ ላይ አባባ ችግኝ ሱሪ ሊያስተኩስ ገባ።

«ጨምረዋል» አለችው እትዬ ሜትር።

«ጨምሬያለሁ» አለና አፍንጫውን ሰበሰበ። ሱሪውን ለተኳሹ ወርውሮ ወደ መስኮቱ ሄደ። የተክሏን ግንድ ከሥሩ ጫን ቢለው ጣቱ የበሰለ ሙዝ ውስጥ እንደገባ ያህል ሰመጠ። «ማነው የሚያጠጣት?»

«እኔ ጠዋት ብቻ!»

«እኔ ማታ ብቻ!»

ተኳሹ ካውያውን እያየ «እኔም ትንሽ ምሳ ላይ...» አለ።

አባባ ችግኝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንደ ሩዝ በውሃ አጥለቀለቃችኋት እኮ! ሥሯ በስብሶ አልቋል። ላይዋ ግን ገና ደኅና ነው፤ ቆርጠን እናተርፋታለን። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ እናንተው ቁረጡ። ስለታም መቀስ!»

በቤቱ ስለታሙ መቀስ አንድ ነው፤ የእትዬ ሜትር የጨርቅ መቀስ። በሱ ወረቀት መቁረጥ እዚያ ቤት ከስርቆት አያንስም። ሚጣ ፈጥና የራሷን አቀረበች። አባባ ችግኝ በጣቱ ሞከረውና «ይሄ ያኝካታል እንጂ አይቆርጣትም» አለ። ሁሉም ወደ እትዬ ሜትር ዞሩ። እሷ ተክሏን አየች፤ መቀሱን አየች፤ ተነፈሰችና ከመጠቅለያው አውጥታ በአልኮል ወለወለችው። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

«ይቺን እብጠት አያችኋት? አንጓዋ ናት። አዲስ ሥር የሚወጣው ከሷ ነው። አንጓ የሌለው ቁራጭ ውሃ ውስጥ ቢከርምም ዋጋ የለውም» አለ አባባ ችግኝ።

እትዬ ሜትር ሜትሩን ዘርግታ ለካች፤ ደግማ ለካችና የመጀመሪያውን ቆረጠች። ሁለተኛው በሚጣ በኩል ስለሆነ እጇ አልደረሰም። መቀሱን ለተኳሹ ሰጠችው፤ ተኳሹ ለሚጣ አቀበለና ወደ ሱሪው ተመለሰ። ሚጣ ስለቱን አመቻችታ ልትጫን ስትል፦

«ከበታች! ከአንጓው በታች፣ አንቺ ልጅ!»

ቃሉ በማንም በኩል አላለፈም። ሚጣ መቀሱን አንከርፍፋ ቀረች። «መቼ ነገርሽኝ?»

«ሰውዬው ሲናገር አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ!»

«ዓይንስ የለሽም?»

«አለኝ! ያውም ካንቺ የተሻለ!»

ነገሩ ከመኪና መኪና ይወረወር ጀመር። ተኳሹ መሀል ላይ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወዲህና ወዲያ ያዞራል። የሆነ ነገር ጨሰ።

«ሱሪዬ!» አለ አባባ ችግኝ።

ካውያው ሲነሳ የሱሪው ጉልበት ላይ ቅርጹን ጥሎ ሄዷል። ሚጣ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። እትዬ ሜትር ልትቆጣ አፏን ብትከፍት የወጣው ሳቅ ሆነ፤ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። ሱሪው በዚያው ቀን ቁምጣ ሆነ። አባባ ችግኝ ለአትክልት ቦታ ይመቻል ብሎ ያለ ቅሬታ ወሰደው።

የበሰበሰው ተጣለ። ቁራጮቹ ቁስላቸው እስኪደርቅ ጨርቅ ላይ ዋሉና አንጓቸው ውሃ ውስጥ፣ ቅጠላቸው ከላይ ሆኖ በማርማላታ ጠርሙስ ገቡ። ሚጣ ጠርሙሶቹን ይዛ ቦታ ስትፈልግ እትዬ ሜትር ለማንም አንስታው የማታውቀውን የክር ሣጥን ከመኪናዋ አጠገብ አነሳች። «እዚህ አድርጊያቸው፤ ብርሃን አለው» አለቻት። ይቅርታ የሚባል ቃል ከሁለቱም አልወጣም፤ የፈለገውም የለም። አንደኛው ቁራጭ ጠቆረና ሞተ፤ በማን ጥፋት እንደሆነ እስካሁን ይከራከሩበታል።

አንድ እሑድ ቤቱ ተዘግቶ ሳለ እትዬ ሜትር «መነጽሬን ረስቼ ነው» ብላ ለራሷ ዋሽታ ከፍታ ገባች። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳችው። ከዚያ ስልክ ደወለች።

«ሚጣ፣ ወጣ!»

«ማን ወጣ?»

«ሥሩ ነዋ!»

ሚጣ ሽንኩርት የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ በቤት ጫማ እየሮጠች መጣች። ሁለቱም አጎንብሰው ግንባራቸው እስኪነካካ አዩት። ነጭ ነው፤ ከጥፍር አይበልጥም።

«ክር እንዳይሆን ግን» አለች ሚጣ።

«ክርና ሥር የማልለይ መሰለሽ?»

«እስቲ ትንሽ ሳብ ላድርገው...»

«እጅሽን ሰብስቢ!»

ሚጣ እየሳቀች እጇን ሰበሰበች።