ኢቺንሆርሎ እና ጥለው የሄዱት ሐኪሞች

በሻር ቶልጎይ ጤና ጣቢያ አሥራ ስድስት ዓመት በሾፌርነት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን መኪናው ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው ኢቺንሆርሎ ነበረች። ሥራዋ ጤና ረዳትነት ነው። ጎቢ በረሃ ላይ ተበትኖ የሚኖረውን ከብት አርቢ ሁሉ ከነውሻው ስም ታውቀዋለች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ሩቅ የሄደ ግመል ይመልሳል። ክትባት ስትሰጥ የመጀመሪያው ልጅ ማልቀስ ሲጀምር እሷ ሦስተኛው ላይ ደርሳለች።

የሚያስቸግረን የሐኪም ነገር ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ወጣት ሐኪሞች ተመድበው መጡ፤ አራቱም የበረዶውን ወራት ሳይጨርሱ ሄዱ። "የከተማ ልጅ ብርድ መች ይችላል!" እየተባለ ይታማሉ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ የምታማቸው ኢቺንሆርሎ ነበረች።

በኋላ ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ስላልነበረን፣ በጀቱ ተነሥቶ አራቱ አልጋዎቻችን በመስከረም ይዘጋሉ፤ የታመመ ሰው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይታከም ይላል። እኛ ፊርማ እናሰባስብ አልን።

"ፈርመን ምን ልንል ነው? ሐኪም የለንማ!" አለች ኢቺንሆርሎ። "እኔ ዋና ከተማው ኡላንባታር ድረስ ሄጄ የሄዱትን እጠይቃቸዋለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ለምን ሄዳችሁ ብዬ ነዋ! እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው አለ?"

አልነበረም። እኔም የመኪና ዕቃ እፈልግ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ከረጢት የደረቀ አይብ ይዛለች።

የመጀመሪያው፣ የሰጠነው ቤት አልሞቅ ብሎት፣ ታማሚ ከመንካቱ በፊት እጁን ለመታጠብ በየማለዳው በረዶ ሲያቀልጥ እንደነበር ነገራት። ሁለተኛው ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤታችን ሥራ አልሰጣትም። ሦስተኛው አፍሮ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ስፈራ ደውዬ የምጠይቀው ትልቅ ሐኪም አልነበረኝም" አላት።

አራተኛዋ ሙንህዙል ትባላለች። ከምትሠራበት ክሊኒክ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት አስገብታ የሥጋ ቂጣ ጋበዘችን።

"እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ?" አለች።

"ለዚህ አይደል እንዴ ቀኑን ሙሉ የተንገጫገጭኩት?"

"እርስዎ ነዎት ያባረሩኝ።"

ኢቺንሆርሎ ቂጣዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"መድኃኒት ሳዝ በሽተኛው ወደ እርስዎ ዞሮ፣ 'ኢቺንሆርሎ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?' ይላል። እርስዎም ይመልሱለታል። አንድ ቀን ደግሞ ሰው ፊት መርፌ ከእጄ ቀሙኝ። በማግስቱ ሻንጣዬን ያዝኩ።"

"አያያዝሽ ልክ አልነበረም እኮ!"

"አልነበረም። ለብቻዬ ሊያሳዩኝ ይችሉ ነበር።"

ኢቺንሆርሎ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ከዚያ፣ "ልክ ነሽ" አለች። ያቺን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "ሦስቱን ማስተካከል ይቻላል። አራተኛው ነው የሚከብደው፤ እኔ ነኛ!" ብላ ሳቀች።

የወረዳው ምክር ቤት በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። በዚያ ዓመት ገንዘብ የተመደበው በበጋው በዓል የፈረስ እሽቅድምድም ለሚታይበት የተመልካች መቀመጫ ነበር። ኢቺንሆርሎ ተነሥታ፣ ገንዘቡ ምድጃና የውኃ ቧንቧ ላለው የሐኪም ቤት ይዋል አለች። ሰብሳቢው ጎምቦሱረን የእሽቅድምድም ፈረስ አሠልጣኝ ነውና ተቆጣ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ፈረስ ምን በደለሽ?"

"ፈረስማ እወዳለሁ። ግን አምና ከላዩ ወድቀህ ትከሻህ ሲወልቅ፣ ፈረሱ ነው የመለሰልህ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎምቦሱረንም ትከሻውን እያሻሸ ሳቀና፣ "እሺ፣ ዘንድሮም ቆመን እናያለን" አለ። ቤቱ እንዲሠራ ተወሰነ።

ከዚያ ጡረታ የወጡ አንድ ትልቅ ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ የሚመጣው ሐኪም በቸገረው ሰዓት ሁሉ እንዲደውልላቸው አግባባቻቸው። በየድንኳኑ እየዞረችም፣ "ከእንግዲህ ሐኪም ባለበት እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ሻይ አልጠጣለትም" ብላ አወጀች። በመጨረሻ ለሙንህዙል ደወለች።

"ቤቱ ይሞቃል። ባልሽ ምንድን ነው ሥራው?"

"መካኒክ ነው።"

"እንግዲያው እሱን ብቻ ብትልኪም ሾፌራችን ደስ ይለዋል!"

ሙንህዙል ለአንድ ዓመት ብቻ ብላ ነሐሴ ላይ ከባሏ ጋር መጣች፤ አልጋዎቹም ሳይዘጉ ቀሩ።

ኅዳር ላይ ሽማግሌው ዳምዲን ሳንባውን ታሞ መጣ። ሙንህዙል አምስት ቀን ተኝቶ ይታከም አለች። እሱም እንደ ልማዱ ዞሮ፣ "ኢቺንሆርሎ፣ አንቺስ?" አላት።

"እኔ? እኔ ሾርባ ላምጣልህ ነው የምለው" ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ከንፈሯን ነክሳ ቆማ አገኘኋት።

"ምነው?"

"ሦስት ቀን ይበቃዋል" አለችኝ በሹክሹክታ።

በአራተኛው ቀን የዳምዲን ትኩሳት ተመለሰ። አልጋው ላይ ነበርና ሙንህዙል ወዲያው መድኃኒቱን ቀየረችለት፤ ዳነ። ኢቺንሆርሎ ራሷ ወደ ሐኪሟ ክፍል ገብታ፣ "እኔ ብሆን አስወጥቼው ነበር፤ መንገድ ላይ ይሞትብኝ ነበር" አለቻት። ሙንህዙል ወንበር ሳበችላትና ሻይ ቀዳችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በየማለዳው በሩን ዘግተው ስለ በሽተኞቹ ይከራከራሉ። ድምፃቸው ውጭ ድረስ ይሰማል፤ ሲወጡ ግን ቃላቸው አንድ ነው።

ሙንህዙል ይኸው አምስተኛ ዓመቷን ያዘች። አምና ሁለተኛ ሐኪም ተጨመረልን። ኢቺንሆርሎ ጡረታዋ ደርሷል፤ አሁን ሁለት ሴት ልጆችን ጤና ረዳትነት እያስተማረች ነው። መርፌ አያያዝ የምታሳያቸው ለብቻቸው፣ መጋረጃውን ስባ ነው።