በማይሄድ ብስክሌት እስከ ስቅለት

ከአገር የወጣሁ ማታ ሻንጣዬን ተሸክማ ታክሲው ድረስ ያወረደችው ታላቅ እኅቴ ናት። እትዬ ብዙነሽ። የወንድማችን ልጆች፣ እነዚያ ጎረምሶች፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው «አንተ ያዘው፣ አንተ ያዘው» ሲባባሉ እሷ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና በርበሬና ሽሮ የታጨቀበትን ሻንጣ ጀርባዋ ላይ አውጥታ ደረጃውን ወረደችው።

«ኧረ እትዬ፣ ወገብሽን!» ብላት፣

«ወገቡን የሚያመው እንዳንቺ ቁጭ ብሎ የኖረ ነው» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።

ቦሌ ስንደርስ ሰው ሁሉ ይላቀሳል። እሷ አላለቀሰችም። አንገቴን አቅፋ ጆሮዬ ሥር «እዚያ ሄደሽ ደግሞ ስቅለትን ወንበር ላይ እንዳታሳልፊ» አለችኝ። ይኸው ነበር ስንብታችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቅለት በመጣ ቁጥር እኔና እሷ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎን ለጎን ነው የምንሰግደው። እኔ መሐል ላይ አረፍ እላለሁ፤ እሷ ግን ግንባሯን መሬት እያስነካች ስትወድቅ ስትነሣ ጀምበር ታዘቀዝቃለች። እናታችን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ወንበር ላይ የተቀመጠች ዓመት «እንግዲህ ተመልካች ሆንኩ» አለች፤ በዚያው ክረምት አረፈች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የስቅለት ወንበር ይፈራል።

እኔን አሜሪካ ያመጣችኝ ልጄ ሰናይት ናት። መጀመሪያ የተቀመጥነው አሌክሳንድሪያ፣ የአንድ ያገራችን ሰው ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አከራያችን አቶ ጌታሁን በገባን በሁለተኛው ቀን በሩን ቆረቆሩ።

«ወይዘሮ አልማዝ፣ ሽንኩርት የሚጠበሰው ቅዳሜ ብቻ ነው።»

«በሌላው ቀንስ ምን እንብላ?»

«ሰላጣ።»

«እርስዎን እናትዎ ሰላጣ አብልተው ነው ያሳደጉዎት?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ካርፔቱ ሽታ ይይዛል።»

ካርፔቱ! እርጥብ ውሻ እርጥብ ውሻ የሚል፣ ስንት ተከራይ የረገጠው፣ ቢጨመቅ ጥቁር ውሃ የሚወጣው ካርፔት ከእኔ ቁሌት ሽታ ተጠበቀ። እዚህ አገር ሰው የሚጸየፈውና የማይጸየፈው ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ውሻውን አፉን ይስመዋል፤ በእጁ የሚጎርስ ሰው ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል።

ሥራ አገኘሁ። ዩ ስትሪት አካባቢ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጬ ትኬት መቁረጥ። እግሬን ሂተሩ ይጠብሰዋል፣ አንገቴን በመስኮቱ የሚገባው ብርድ ይገርፈዋል። ቁጭ፣ ቁጭ፣ ዓመት በዓመት ላይ ቁጭ። ልጄ ነርስ ሆና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ስትከራይና «እማዬ ይብቃሽ» ስትለኝ፣ ጉልበቴ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ሆኖ ነበር። ሲታጠፍ ይጮኻል፤ ከታጠፈ አይዘረጋም።

በዚያ ዓመት ስቅለት ጉዱ ወጣ። ቤተ ክርስቲያናችን አሌክሳንድሪያ በኪራይ አዳራሽ ነው። ነጠላዬን አደግድጌ መስገድ ጀመርኩ። ገና ከመጀመሬ ግንባሬን መሬት እንዳስነካሁ እዚያው ቀረሁ። መነሣት እንቢ አለኝ። ሁለት ጎረምሶች በብብቴ ገብተው አንሥተው፣ ከኋላ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጡኝ። አንዲት የልጅ እናት የሆነች ሴትዮ ደግሞ «ይረፉ እማማ» አለችኝ። እማማ! ግራ ቀኜ ስለ ደም ግፊት መድኃኒታቸው የሚያወሩ ሽማግሌዎች፤ ፊት ለፊቴ የሚወድቅ የሚነሣ ሕዝብ። እኔም ተመልካች።

በማግስቱ ደወልኩ። እትዬ ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ሰገድሽ?»

«ወንበር ላይ ነው የዋልኩት፣ እትዬ።»

«የሚመጣው ዓመት ትሰግጃለሽ» አለች። ምክር አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።

ሐኪሙ ጉልበቴን ጠምዝዞ ጠምዝዞ ሲያበቃ «ብስክሌት ይንዱ» አለኝ። ዊንተሩ እየገባ ነበር። «በዚህ ብርድ? ልትገድለኝ ነው?» ብለው ሳቀ። «ቤት ውስጥ ነው። የሚነዳ ግን የማይሄድ ብስክሌት አለ።»

አፓርትመንታችን ቤዝመንት ውስጥ የስፖርት ክፍል ነበረ፤ ወርጄ አየሁት። ምን ልበላችሁ። መስኮት የለው፣ አየር የለው። የካልሲ ሽታ ከበረኪና ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ሁለት ብስክሌቶች ግድግዳ ፊት ተገትረዋል። ግድግዳ! አንድ ዛፍ እንኳ በዓይን የማያልፍበት ጉዞ። የአንዱ መቀመጫ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ላብ ደርቆ ጨው ሠርቷል። በአልኮል ወለወልኩት፤ ደግሜ ወለወልኩት፤ አሮጌ ሻሽ አለበስኩት፤ እንዲያም ሆኖ ስቀመጥበት ሰውነቴ ተሸማቀቀ።

አንድ ሰውዬ ደግሞ አለ፣ በመሮጫው ማሽን ላይ እየሮጠ የተቀቀለ እንቁላል የሚበላ። ቅርፊቱን ኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ ይጥለዋል። ሽታው እኔ ጋ ሲደርስ በነጠላዬ አፍንጫዬን እሸፍናለሁ፤ እሱ «ሃይ!» ብሎ በሙሉ አፉ ይስቅልኛል።

በሳምንቱ የሕንፃው ማኔጀር ሚስተር ካርል መጣ። ረጅም ቀሚሴንና ነጠላዬን አየ።

«ይሄ ልብስ ሴፍቲ አይደለም። አደጋ ያመጣል።»

«ምን አደጋ? መኪና ይገጨኛል?»

«ጨርቁ ጎማው ውስጥ ይገባል።»

«ጎማ የታለው?»

ጎንበስ ብሎ ጎማውን ፈለገ። እውነትም ጎማ የለውም። «የሆነ ሆኖ» ብሎ ሄደ። እኔም ከዚያ ወዲህ የሰናይትን ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለበስኩ፤ መስታወት ግን አላየሁም።

ብዙ ሰው «በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚያ በረዶ፣ እንዴት ቻልሽው?» ይለኛል። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥርሳቸው የነጣ ሰዎች «ከለመዳችሁት ትወዱታላችሁ» ይላሉ። ውሸት ነው። አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። ጠዋት ተነሥቼ በመስኮት ሳይ፣ በረዶው በመኪና ጭስ ጠቁሮ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ጥጥ መስሎ መንገድ ዳር ተከምሯል፤ የውሻ ኩስ ከሥሩ ብቅ ብቅ ብሏል። ወደ ውስጥ ስዞር ሂተሩ አፍንጫዬን አድርቆ አድምቶታል። ከዚያ ያ ምድር ቤት ትዝ ሲለኝ አልጋዬ ውስጥ ተመልሼ መግባት ነው የሚያምረኝ። አስቴር ባትኖር ኖሮ፣ ገና ድሮ ትቼው ነበር።

አስቴር አራተኛ ፎቅ የምትኖር የኮልፌ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ በእምነት ጴንጤ። ስኳር ስላለባት እሷንም ሐኪም ነው የላካት። አንድ ቀን መዝሙር እያንጎራጎረች ገባችና በአማርኛ፣

«ጌታ ይባርክሽ እህቴ፣ ይሄኛው ይሠራል?» አለችኝ።

«ይሠራል፤ ግን አይሄድም።»

ጎኔ ያለው ላይ ወጣች። አምስት ደቂቃ ሳትነዳ «በቃኝ» ብላ ልትወርድ ስትል ወሬ ጀመርኩላት። ወሬ ደግሞ እወዳለሁ፤ ተምሬ አይደለም፣ ሲወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሰፈራችን ስለነበረች ጥሩነሽ የምትባል ሴት ነገርኳት፤ ባሏ ለቀብር እንደወጣ ለብዙ ዓመት የጠፋባት። የት የት እንዳፈላለገችው፣ ማን ማን እንዳማከራት። አስቴር አፏን ከፍታ ስትሰማ እግሯ መንዳቱን ረሳው።

«እግርሽ ከቆመ አፌም ይቆማል» አልኳት።

ነዳች። እኔም ነዳሁ። ወሬው ጥሩ ቦታ ሲደርስ ከብስክሌቴ ወረድኩ።

«ከዚያስ?»

«ነገ።»

«አልሚ፣ ይሄ ኃጢአት ነው!»

«ሂጂና ጸልዪ፤ ነገ ስትወርጂ ትሰሚዋለሽ።»

በዚሁ ዘዴ ዊንተሩን ገፋነው፤ ለእትዬም ስለማይሄደው ብስክሌቴ በስልክ ነገርኳት። እኔን የምታስወርደኝ የእሷ ደወል ናት፤ እሷን የሚያስወርዳት የኔ ወሬ። መላከፍ አይቀርም። «እናንተ ቀኑን ሙሉ ወድቃችሁ ከምትነሡ እንደ እኛ ቁጭ ብላችሁ ብታመልኩ ይሄ ሁሉ ብስክሌት ባላስፈለገሽ» ትለኛለች። «እናንተም ቁጭ ብላችሁ ነው ስኳር የያዛችሁ» እላታለሁ። እንቁላል በሊታው ሰውዬ ምን እንደምንባባል ሳይገባው አብሮን ይስቃል።

ሁዳዴ ገባ። እኔ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ ውሃም አልቀምስ። የምንነዳው ደግሞ አስቴር ከሥራ የምትመለስበት ስምንት ሰዓት ላይ።

«ቢያንስ ውሃ ተጎንጪ» አለችኝ።

«ለስግደት ብዬ ጾም ልሻር?»

እትዬ ብዙነሽ ጾማ ነው የምትሰግደው፤ እኔ ጾሜ ብነዳ ምን ይለዋል አልኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሥጋ የሚጠብሱ ሰዎች ይወዳደራሉ፤ ስቡ ሲንጫጫ ይሰማል። ሰውዬው እንቁላሉን ይልጣል። እኔ ግን ወሬዬ ላይ ነኝ። የጥሩነሽ ባል ከስንት ዘመን በኋላ ዶሮ በብብቱ ይዞ ተመልሷል፤ በሩን አንኳኳ፤ እሷም ከውስጥ «ማነው?» አለች…

ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ዓይኔን ስገልጥ የስፖርት ክፍሉ ካርፔት ላይ ተዘርሬ ራሴን አገኘሁት፤ ጉንጬ ካርፔቱን ነክቷል፤ ከመውደቄ ይልቅ እሱ ቀፈፈኝ። አስቴር ውሃ እየረጨች «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» ትላለች። ሰውዬው ግማሽ እንቁላል ወደ አፌ ያስጠጋል። እጁን ገፋሁት፤ ለዚያ አቅም አላጣሁም።

አስቴር ነፍስ መዝራቴን ስታይ አለቀሰችና ወዲያው፣ «ከፈተችለት?» አለችኝ።

ሚስተር ካርል በማግስቱ አስጠራኝ።

«ከእንግዲህ መግባት አይችሉም። ላያቢሊቲ ነው፤ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው እኛ ነን።»

«የወደቅሁት ጾሜ ነው። ብስክሌቱ አልጣለኝም።»

«ለምን አልበሉም?»

«ጾም ነዋ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«እስከ ፋሲካ።»

በርበሬ የዋጠ ሰው መሰለ። «እስከ ፋሲካ አይበሉም?!» ምግብ ጨርሶ የማልቀምስ መስሎታል። ሲፈራ ሳየው ማስረዳቱንም ተውኩት።

ስቅለት እየቀረበ ነው፣ በሩ ተዘጋብኝ፣ ጉልበቴ ደግሞ ገና መላላት መጀመሩ ነበር። ለንስሐ አባቴ ኮል አደረግሁ። አለቅሳለሁ መሰላችሁ? በንዴት ነው የማወራው።

«ልጄ፣ ሳትቀምሺ ንጂ ያለሽ ማነው?»

«ማንም አባቴ፤ እኔው ነኝ።»

«እንግዲያውስ ስሚ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ውሃ ትጠጫለሽ፣ ቁራሽም ትቀምሻለሽ። ይሄ ንስሐሽ ነው።»

ከዚያ በፊት እንደዚህ የከበደ ንስሐ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ያንን የጠዋት ውሃ በጉሮሮዬ ሳወርደው ኮሶ ነበር። ሚስተር ካርልን ደግሞ አስቴር ሄዳ ያዘችው። ምን ብላ እንዳሸነፈችው አልነገረችኝም፤ ብቻ «ከእኔ ጋር ካልሆነ አትገባም ብዬ ቃል ሰጠሁለት» ብላ መጣች። ተመለስን። ወሬውን ግን ከበሩ ፊት አላሳለፍኩትም። «የጥሩነሽን በር የምከፍተው ስቅለት ዕለት ነው» አልኳት።

ስቅለት እዚህ አገር ተራ ዓርብ ነው፤ ሰናይት ሺፍት ላይ ነበረች። ወደ አሌክሳንድሪያ የነዳችኝ አስቴር ናት። መንገዳችን ላይ ያለውን ድልድይ እንዳለፍን «በይ እንግዲህ» አለችኝ።

«በሩን ከፈተች።»

«እሺ!»

«ዶሮዋን ተቀበለችው።»

«እሺ!»

«በሩን መልሳ ዘጋችው።»

በሣቅ መሪውን ልትለቀው ነበር። እኔ መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ ያለችው ሴት፣ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ተከትላኝ ገባች።

ሰገድኩ። መጀመሪያ ላይ ጉልበቴ ጮኸ፤ ታጠፈ፤ ተዘረጋ። እንደገና። ያ የቀፈፈኝ ምድር ቤት፣ ያ የእንቁላል ሽታ፣ ያ ግድግዳ በዓይኔ ላይ መጡ፤ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ። አረፍ አላልኩም አልልም፤ ብዙ ጊዜ አረፍኩ። ግን የተነሣሁት በራሴ ጉልበት ነው። መሸት ሲል ቄሱ በወይራው ቅጠል ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ስግደት ሲጨምሩልኝ፣ «ይችላሉ?» አላሉኝም። ዞር ብዬ ወደ ኋላ ሳይ፣ ያቺ የአምናዋ ወንበሬ ላይ አስቴር ተቀምጣ ጫማዬን ታቅፋለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ማለዳ ስልክ አነሣሁ። ጭኔ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ደስታዬ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። ገና «ሃሎ» ስትል፣

«እትዬ! ሰገድኩ!» አልኳት።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» እልልታዋ ጆሮዬን ሊበጥሰው።

«አንቺስ? እንደ ልማድሽ ጀምበር አዘቀዘቀችልሽ?»

«እኔማ…» አለች። «እኔማ ዘንድሮ የጎረቤታችን የጽጌ ልጅ ወንበር አመጣችልኝ።»

እትዬ ብዙነሽ። ያንን ሻንጣ በጀርባዋ ያወረደችው። «ደክሞሽ ነው፤ ያልፋል» አልኩ መሰለኝ፤ እሷ ግን አልሰማችኝም፣ ሌላ ነገር እያሰበች ነበር።

«አልማዝ።»

«አቤት እትዬ።»

«ያ የማይሄደው ብስክሌት… ይከብዳል ወይስ በአውሮፕላን ይመጣል?»