በሐጅ ብር የተገዛው ካርድ

ሚስባህ ሱሌማን ቤት ከመሠራቱ በፊት የቤቱን ፎቶ የሚሠራ ሰው ነው። በኮምፒዩተር የሚሳል ሥዕል ነው እንጂ ፎቶስ አይደለም፤ ግን መስታወቱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ፣ መዋኛው ውስጥ ሰማይ ሲታይ ፎቶ ነው ብሎ የማይምል የለም። ቦሌ መንገድ ዳር «ሽያጭ ጀምረናል» እያሉ ከተሰቀሉት አፓርታማዎች ሦስት አራቱ የእሱ እጅ ናቸው። እሱ የሚኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአባቱ ከጋሽ ሱሌማንና ከእህቱ ከአስማ ጋር ነበር። የእኔ በር ከነሱ በር ትይዩ ነው።

ጋሽ ሱሌማን ፍየል ቤት አካባቢ የቧንቧ ዕቃ ይሸጡ ነበር። ከባለቤታቸው ጋር ሐጅ ለማድረግ ብር ማስቀመጥ ጀምረው ሳለ ሴትዮዋ በሞት ቀደሟቸው። እሳቸው ግን ማስቀመጡን አልተዉም። ስምንት ዓመት አስቀመጡ።

ሚስባህ ያንን ብር የጠየቃቸው በ2015 ዓ.ም. ነው። አሮጌው ኮምፒዩተሩ አንድ ሥዕል ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበርና ደንበኞቹ መሸሽ ጀምረው ነበር።

«ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባ፣ ለጌም ተብሎ የሚሠራ ካርድ አለ አባ፤ ሥዕሉን በደቂቃ ነው የሚያወጣው። ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው። ኢንቨስትመንት በሉት። ሠርቼበት እንኳ መልሼ በገዛሁበት እሸጠዋለሁ።»

ጋሽ ሱሌማን ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። «እኔ የማውቀው ዕቃ ሁሉ ከካርቶኑ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል» አሉት። ቀጥለውም፣ «ብሩ ለሚመጣው ዓመት የሐጅ ምዝገባ ይደርሳል?» ብለው ጠየቁ።

«ይደርሳል አባ።»

ሰጡት።

ካርዱን ከዱባይ በሻንጣ ያመጣለትን ሰው ኤርፖርት ድረስ ሄዶ ተቀበለው። ሲያሳየን የብሎኬት ግማሽ ያህላል። ጋሽ ሱሌማን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ክብደቱን መዘኑና መለሱለት።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራው ጥሩ ሄደ። የሐጅ ምዝገባ ሲከፈት ግን ሚስባህ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ይዞ ነበር። ካርዱን ቢሸጠው ሥራው ይቆማል። «አባ፣ ዘንድሮን ብቻ ይለፉኝ» አላቸው። «እሺ፣ መካ የትም አትሄድም» አሉ። አስማ ግን ወንድሟን ለሁለት ሳምንት አላነጋገረችውም።

በዚያው ክረምት የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። ብር ቁልቁል ወረደ። ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ ሪል ስቴቶቹ ግንባታ ቀነሱ፤ የማይሠራ ቤት ደግሞ ሥዕል አያስፈልገውም። ኅዳር ላይ ጋሽ ሱሌማን ሱቃቸው ውስጥ ቱቦ ሲለኩ ወደቁ። ደም ግፊት ነው። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አነጋገራቸውም ከበደ።

ሚስባህ ያን ጊዜ ካርዱን ለመሸጥ ተነሣ። የገዛው ቦሌ ውስጥ ጌም ቤት ያለው ቃልአብ የሚባል ልጅ ነው። «ብሮ፣ አዲሱ ወጥቷል እኮ፤ ያንተ አሁን ያለፈው ዓመት ዕቃ ነው» እያለ ተከራከረ። ቢሆንም በብር ሲቆጠር ሚስባህ ከገዛበት በላይ ከፈለው። ሚስባህ ደረጃውን በሩጫ ሲወጣ ሰምቼ በሬን ከፈትኩ። «ከገዛሁበት በላይ ሸጥኩት!» አለኝና ወደ አባቱ ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ።

ጋሽ ሱሌማን ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰሙት።

«ያኔ ይሄ ብር ስንት ጥቅል ቱቦ ይገዛ ነበር?» አሉት ቀስ ብለው።

«አላውቅም አባ።»

«እኔ አውቃለሁ። ዛሬ ግማሹን አይገዛም።»

በማግስቱ የሐጅ ምዝገባውን ሊጠይቅ ሄደ። ክፍያው ከያዘው ብር ርቆ ሄዷል። ቢሞላለትም ሐኪሙ፣ «በዚህ ሁኔታ ረጅም ጉዞ አይታሰብም» አለው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሚስባህ ጠፍቶ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት አባቱን አቅፎ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያዛውራቸው እኔ ትራሱን ይዤ ነበር። ድንገት አቀርቅሮ፣ «ሥራው ያን ያህል ካርድ አይፈልግም ነበር አባ» አላቸው። «ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለው ይበቃኝ ነበር። ዋጋውም ሲሶ ነው። ትልቁን የገዛሁት ጌም ልጫወትበት ብዬ ነው። ዋሸሁዎት።»

ጋሽ ሱሌማን ደኅናውን እጃቸውን አንስተው ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉ።

«አውቅ ነበር። በሩን ገርበብ አድርገህ ትተወዋለህ። መኪና ስትነዳበት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር።»

ሚስባህ ወጥቶ ኩሽና ገባ። የቧንቧ ውኃውን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ተወው።

በሃይማኖታቸው መሄድ ለማይችል ሰው ሌላ ሰው በስሙ ሐጅ ሊያደርግለት ይችላል። ጂዳ የሚኖር ሰዲቅ የሚባል የእነሚስባህ የአጎት ልጅ ነበር፤ የራሱን ሐጅ ድሮ አድርጓል። ሚስባህ ለመነው፤ እዚያው ስለሚኖር ወጪው ትንሽ ነበርና ላከለት። የተረፈው ብር ለፊዚዮቴራፒ ሄደ።

ሐጃጆች ዐረፋ ሜዳ በሚቆሙበት ዕለት ሰዲቅ በቪዲዮ ደወለ። አስማ ስልኩን አባቷ ፊት ያዘችላቸው። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶታል። «ጋሼ፣ በስምዎ ነው የመጣሁት!» ይላል ሰዲቅ በጩኸት። ጋሽ ሱሌማን ብዙ አዩ። ቃሉ ከአፋቸው ለመውጣት እያስቸገራቸው፣ «ጫማህ ይመችሃል?» ብለው ጠየቁት። መስመሩ ተቋረጠ። አስማ ፊታቸውን በሻርፗ ጠረገችላቸው።

ሐምሌ ላይ አረፉ። ከድንኳኑ የማይጠፉት ሽማግሌዎች፣ «ሐጃቸው ተደርጎላቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ አጽናኑት። ሚስባህ ለሁሉም ራሱን እየነቀነቀ፣ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ዋለ።

ድንኳኑ በተነሣ ዕለት የተዋስናቸውን ወንበሮች ወደ ታች ስናወርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ።

«ተደረገላቸው እንጂ አልሄዱም እኮ» አለኝ።

ወንበሮቹን አንስተን ወረድን።