ሳማይታን እስከ ግማሽ መንገድ

ዳካራይ የብስክሌቱን የውስጥ ጎማ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይጠብቃል። በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ በትንሽ ያዞረዋል፤ ይጫነዋል፤ ጎንበስ ብሎ ያያል። አረፋ የለም። ጎማው አልተበሳም። ትናንትም አልተበሳም ነበር። እሱ ግን ከውሃው አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ያደርቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ማስቲሽ ቀብቶ እፍ ይልበታል፤ ከዚያ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠች ቁራጭ ለጥፎ በአውራ ጣቱ ይጫናታል። ያ ጎማ አሁን ከራሱ ይልቅ ልጣፉ ይበዛል። እኔ በረንዳው ላይ በቆሎ እየፈለፈልኩ አየዋለሁ። ሲለጥፍ የትም አይሄድም፤ ስለዚህ ማስቲሹ እንዳያልቅበት እጸልያለሁ።

ባሌ ነው። የሰፈሩ ሰው በስሙ አይጠራውም፤ በጎሳው የክብር ስም ሳማይታ ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው። ዕድሜውን የጨረሰው በጥድ ደኑ የእሳት ጠባቂ ሆኖ ነው። ደኑ ከቤታችን ጀርባ ተነስቶ ኮረብታ ኮረብታውን እየተከተለ ሞዛምቢክ ይገባል። በመሐሉ እሳት እንዳይሻገር የተመነጠሩ የጠጠር መንገዶች አሉ። በደረቁ ወራት ሳማይታ እነዚያን መንገዶች በብስክሌት እየዞረ ጭስ ይፈልግ ነበር። ጭስ ካየ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የሐዲድ ብረት ይደበድባል፤ እኛም እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘን እንወጣለን። ድንበሩ ላይ ያለው አንድ የሲሚንቶ ምሰሶ ብቻ ነው። ወዲያም ወዲህም የምንናገረው አንድ ቋንቋ ነው፤ የእነሱ ስም ብቻ ወደ ፖርቱጋል ያደላል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሙታሬ ከተማ ብስክሌተኞች መምጣት ጀመሩ። የብስክሌታቸው መሪ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ ነው። አስፋልት አንፈልግም፣ ኮረኮንች ነው የምንፈልገው ይላሉ። መንደሩ ሳቀባቸው። መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ የሻሚሶ እናት፣ አስፋልት ያለው ሰው ኮረኮንች ፍለጋ ሲንከራተት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው አለች። ሳማይታ ግን አልሳቀም። በዚያች ከባድ ጥቁር ብስክሌቱ ፊት ፊት እየሄደ የትኛው መንገድ በዝናብ እንደሚታጠብ፣ የትኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ እንደሚጥል፣ ምንጩ የት እንዳለ አሳያቸው። ዛሬ ሰው ከሩቅ እየመጣ የሚጋልበውን ዙር የሠራው እሱ ነው።

መጀመሪያ ከአእምሮው የጠፋው መንታ መንገዱ ነው። አንድ ቀን በጊዜ ተመልሶ መጣና ብስክሌቱን ሳያስደግፍ ቆመ።

"መንገዱን ለሁለት የከፈለው ማነው?" አለኝ።

ያ መንታ እኔ ለእሱ ሳልዳርም እዚያው ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በኋላ ክሊኒኩ ያለችው ነርስ የእርጅና ሕመም ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ጠብቁት አለችን። እግሩ ደህና የሆነን ሰው እንዴት እንደሚጠብቁት አልነገረችንም።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም። ከቤትህ የተነሳውንም፣ መንገድ ላይ ያገኘኸውንም እስከ ግማሽ መንገዱ ትሸኘዋለህ። የት ይሄዳሉ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ፊቱን ወዳዞረበት አብረኸው ትሄዳለህ፤ ሌላ ሰው ስታገኝ አስረክበህ ትመለሳለህ። እኔም እንዲህ አድርጌ ስንቱን ሸኝቻለሁ።

በነሐሴ፣ እኛ ዘንድ ሣሩ ሁሉ በሚደርቅበት ወር፣ ከወፍጮ ስመለስ ብስክሌቱ የለም። ልጄ ሙቻኔታ ማሳ ነበረች። እየሮጥኩ ወደ ሻሚሶ እናት ሄድኩ። አዎ፣ ጠዋት በዚህ አለፈ አለችኝ፤ ጭስ አለ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ እሷ ብስክሌቱን ከኋላ እየገፋች ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሸኝታዋለች።

"እንዴት አላቆምሽውም?" አልኳት።

"በምን አፌ? 'ቁሙ፣ የት ይሄዳሉ?' ብዬ እንደ ኬላ ፖሊስ ልጠይቀው? ሙዜን ለዶሮ ጥዬ ነው የሸኘሁት። ምስጋና ነበር የጠበቅሁት።"

አመሰገንኳት። እሷ ግንድ ለሚጭኑት ሠራተኞች አስረክባዋለች። እነሱ ሥራቸውን አቁመው እስከ ዳገቱ ሥር አድርሰውታል። እዚያ ብስክሌተኞቹ ተቀበሉት። ወደ ማምሻው ከእነሱ አንዷ፣ ቪምባይ የምትባለው፣ አቧራ በአቧራ ሆና ወረደች። ደስ ብሏታል።

"እየሸኘነው መስሎን ነበር፣ አምቡያ" አለችኝ፤ አምቡያ ማለት አያት ማለት ነው። "ዳገቱ ላይ ግን ጥሎን ሄደ። ምሰሶው ጋ ስንደርስ ተቀምጦ ይጠብቀናል። 'ሳንባችሁን ከተማ ረስታችሁ ነው የመጣችሁት?' አለን።"

ፎቶውንም አሳየችኝ። ምሰሶውን ተደግፎ ይስቃል። ከዚያስ ስላት፣ ከወዲያ በኩል እንጨት ይዞ የሚወርድ ሰው አግኝተው አስረክበውት ተመለሱ። የሳማይታን ነገር ስነግራት ቪምባይ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መንገዱን በሙሉ ኩርባ በኩርባ ነግሮኝ ነበር እኮ፣ በምን ልወቅ፣ አለች። በምንም ልታውቅ አትችልም።

ሙቻኔታ በማግስቱ ከጎረቤት ሰዎች ጋር ድንበሩን ተሻገረች። በደረሱበት መንደር ሁሉ ሰው ደስ እያለው ይነግራቸዋል። ትልቅ ሰው አልፈው ነበር፣ ውሃ አጠጣናቸው፣ እስከ ወንዙ ሸኘናቸው ይላል። ወንዙ ማዶ ያለው ደግሞ እስከ ገበያው ሸኝቷል። ከገበያው በኋላ መንገዱ ይበዛል፤ የሸኘውም ሰው ጠፋ። ሙቻኔታ እግሯ ቆስሎ ተመለሰች። እኔ የምቆጣው ሰው ፈለግሁ። አንድ ክፉ ሰው ባገኝ፣ የሰረቀው ወይም የገፈተረው፣ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ሁሉም ያደረገው እኔ የማደርገውን ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጬ መንገዱን ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

እሱ ለካ ከገበያው ርቆ ከብስክሌቱ ወድቆ ጉልበቱ አብጦ ነበር። ዣሲንቶ የሚባል ገበሬ ቤቱ አስገብቶ አስታመመው። በኋላ ዣሲንቶ ራሱ እንደነገረኝ፣ ሳማይታ ስለ ምሰሶውና ስለ ጥዱ ደን ሲያወራ ሰምቶ ከየት እንደመጣ ገምቷል፤ እብጠቱ ሲጎድልም ወደ እኛ ሊመልሰው ደጋግሞ ሞክሯል። ይዞት ይነሳል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሳማይታ ይቆምና፣ በል አንተ ደክመሃል፣ አሁን ደግሞ እኔ ልሸኝህ ብሎ መልሶ ቤቱ ያገባዋል። ሽማግሌ ልሸኝህ ሲል እንቢ አይባልም። የዣሲንቶ ሚስት እናንተ ሰዎች እርሻውን ማን እንዲያርስላችሁ ነው እያለች ትስቅባቸው ጀመር። በመጨረሻ ዣሲንቶ ቦርሳ አንጠለጠለና ተጓዡ እኔ ነኝ አለው፤ ምሰሶውን አልፎ፣ ጥዱ ሥር ወዳለው ቤት ነው የምሄደው። ሳማይታም ሸኘው።

አመሻሽ ላይ ሲመጡ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ዣሲንቶ ቦርሳውን ይዞ ከፊት፣ ባሌ ብስክሌቱን እየገፋ ከኋላ። ግድግዳ ይዤ ቀስ እያልኩ ተነሳሁ። እሱ ብስክሌቱን አስደገፈ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ወንድ ሰው ባዳ ቤት ሲደርስ እንደሚያደርገው መዳፉን ዘርግቶ በቀስታ አጨበጨበ።

"ደህና ዋላችሁ፣ አምቡያ" አለኝ። "ይህ ሰው ዣሲንቶ ይባላል፤ ደግ ሰው ነው። ወደዚህ ነው የምመጣው ስላለኝ ሸኘሁት። ደክሞታልና ይቀበሉልኝ። የእኔ መንገድ ገና ሩቅ ነው።"

የብስክሌቱን መሪ ያዘ። ዣሲንቶ መሬት መሬት ያያል። ሙቻኔታ ከማድቤት ወጥታ አባቴ ልትል አፏን ስትከፍት ቀሚሷን ያዝኳት።

"ሳማይታ" አልኩት፣ "ፀሐይዋ ጠልቃለች። እንግዳ አምጥተው ደጅ ላይ ጥለው ሊሄዱ ነው? ሳድዛው ደርሷል። ይግቡና ይደሩልን።"

ሰማዩን አየ። 

"ላስቸግር" አለ።

ገባ። በእንግዳ በኩል ተቀመጠ። ከሳድዛው፣ ከወፍራሙ የበቆሎ ገንፎ፣ እንደ እንግዳ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ በላ፤ በኦቾሎኒ የሠራሁትን ጎመን አመሰገነልኝ። ከዚያ ወደ ዣሲንቶ ጠጋ ብሎ ይህች ሴት ባል አላት ወይ ብሎ ጠየቀው። ዣሲንቶ ይህን ያጫወተኝ ጠዋት ሊሄድ ሲል ነው። ምን ብሎ እንደመለሰለት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ሳማይታ ሲነቃ የሙቻኔታ እናት ብሎ ጠራኝ። የእንግዳ ምንጣፍ ለምን እንደተነጠፈ ገረመው።

ከዚያ ወዲህ ያላደረግነው የለም። ሙቻኔታ ብስክሌቱን ጎረቤት ቤት ደበቀችው። በእግሩ ሄደ። በእግሩ ሲሄድ ጠጠሩን ትቶ ገደል ገደሉን ነው የሚወርደው፤ ፊቱ በእሾህ ተቧጥጦ ቁጥቋጦ ውስጥ አገኘነው። ብስክሌት ሲይዝ ቢያንስ ጎማው ከመንገድ አያወጣውም። ስለዚህ መለስንለት። እሳቱ ጠፍቷል፣ ሳማይታ፣ ብዬም ነገርኩት። ማን አጠፋው፣ እኔ ሳላየው፣ አለኝ።

ለመንደሩ አትሸኙት ብያለሁ። የሻሚሶ እናት እሱ ሲያልፍ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ አይቼው ዝም ማለት አልችልም፣ ቢቀየመኝም ይሻላል ትላለች። ከምሰሶው ወዲያ ላለው አገር ሁሉ ግን በየቤቱ እየዞርኩ መናገር አልችልም። ዝናቡም ተቃርቧል። ሲዘንብ ጠጠሩ ይታጠባል፣ ብስክሌተኞቹ አይመጡም፣ መንገዱ ላይ የሚያየው ሰው አይኖርም። አሁን ጎማውን ገጥሞ እየነፋው ነው። ፊቱን ወደ ደኑ አዙሯል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ በእነዚህ ኮረብታዎች ስታልፉ ረጅም ሽማግሌ ጥቁር ብስክሌት ይዞ ኮፍያውን አውልቆ ሰላም ካላችሁ፣ እባካችሁ አትሸኙት። ተጓዦቹ እናንተ እንደሆናችሁ ንገሩት። ጥዱ ሥር ወዳለው ወደ ሙቻኔታ እናት ቤት ነው የምንሄደው በሉት፤ እሱ ያደርሳችኋል። ደጄ ስትደርሱ ግን ቶሎ አትሰናበቱት። ጉልበቴ ቀርፋፋ ነውና፣ እስክወጣ ድረስ በወሬ ያዙልኝ።