አውድማ ላይ ያደረች አውሮፕላን

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር አዲስ ነጠላ ገዝቼ ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ እሄዳለሁ። ነጠላው ለአንዲት ባልቴት ነው። እሳቸውም በየዓመቱ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ያሹትና "ያችን አይሆንም" ይሉኛል። ጎረቤቶቼ አክስቴ ይመስሏቸዋል። አክስቴ አይደሉም። አውሮፕላን ይዤ ማሳቸው ላይ የወደቅሁባቸው ሴት ናቸው።

ዘመኑ የጦርነት ነበር። ሰሜኑ ይነዳል፤ እኛ አዲስ የተመረቅን አብራሪዎች ደግሞ ተራችንን እንጠብቃለን። ለእኔ የደረሰኝ ሞተሯ ተጠግኖ ደብረ ማርቆስ ሜዳ ላይ የቆመችን አንዲት ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን አብርሮ መሞከር ነበር። የጠገናት ሰው ክንፏን መታ መታ አደረገና "እንደ አዲስ ሆናለች" አለኝ። ዛሬም መካኒክ ስለ መኪናዬ እንዲህ ካለኝ በእግሬ ነው የምመለሰው።

ተነሥቼ ብዙም ሳልርቅ ሞተሯ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳ ጀመር። ቀጥሎ ጭስ፣ ቀጥሎ ዝምታ። ፊቴ ያለው ፕሮፔለር ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ የማውቀው ታቦት ሁሉ ትዝ አለኝ፤ አንዱንም ሳላስቀር ጠራሁ። ከታች ግማሹ የታጨደ የጤፍ ማሳ አየሁና ወደ ታጨደው በኩል አዞርኳት። መሬት ነካች፣ ዘለለች፣ እንደገና ነካች፤ በመጨረሻ አፍንጫዋን ቦይ ውስጥ ደፍታ ቆመች።

ማሳው ላይ ደቦ ወጥቶ ኖሮ አጫጆቹ በሙሉ ከነዶው ኋላ ተደብቀዋል። አፍንጫዬ እየደማ ስወርድ አንድ ሽማግሌ ማጭዳቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። የማሳው ባለቤት አባት ነበሩ።

"ሰው ነህ?" አሉኝ።

"ሰው ነኝ አባቴ።"

"እንግዲያማ እንደምን ዋልህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቤተሰብ ደኅና?"

"ደኅና ነው።"

"ከብቱስ?"

ከብት የለኝም ማለት አሳፈረኝና "ደኅና ናቸው" አልኩ። ሰላምታው እስኪያልቅ ደሜ ቆመ።

ወደ ቤት ወሰዱኝ። የልጃቸው ሚስት፣ የዛሬዋ ባልቴት ማለቴ ነው፣ ፊቴን አጠቡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ፣ መደብ ላይ አጋደሙኝ። ድንጋጤው ይሁን ጠላው እንጃ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለ። ጥፋቱ ሁሉ የተሠራው እኔ ስተኛ ነው።

እዚያ አገር የእንግዳ ዕቃ ሜዳ ላይ አያድርም። በቅሎው ጋጣ ይገባል፣ ጭነቱ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። አውሮፕላን የት እንደሚገባ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ተመካከሩና በበሬ እየጎተቱ፣ ገና በእበት ወደ ለቀለቁት አውድማ አመጧት። ከሆዷ የሚፈሰው ዘይት አውድማውን እንዳያበላሽባቸውም ከሥሯ እንስራ ደቀኑ፤ ሲሞላም አንሥተው ጓዳ አስገቡት። ከዚያ ሴቶቹ ተሰብስበው በውኃና በገለባ ፈትገው አጠቧት። እንግዳን ዕቃው እንደቆሸሸ መሸኘት ለቤቱ ነውር ነዋ! ስነቃ አውድማው መሀል ቆማ ታብረቀርቃለች። እኔም ሞኙ ከልቤ አመሰገንኩ።

በማግሥቱ ከጦሩ መርማሪዎች መጡ፤ አንድ ሻምበልና አንድ ቴክኒሺያን። ሻምበሉ ሞተሯን አስከፈተ፤ ጠብታ ዘይት የለም። አካሏን ዳሰሰ፤ እንኳን ዘይት አቧራም የለባትም። ወደ ወደቀችበት ቦታ ሄደ፤ በሬው ሁሉ ረጋግጦታል። ተመልሶ መጣና ፊቴ ቆመ።

"ያለ ዘይት ነው ያስነሣሃት" አለኝ። "ሰሜን ላለመዝመት ብለህ ሞተሩን ሆን ብለህ አቃጥለሃል።"

በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው እስር ከደረሰው ዕድለኛ ነው። ዘይቱ ሙሉ እንደነበር ማልኩ፤ መሐላዬን የሚሰማ አልነበረም። ሽማግሌው "ኧረ ጌታዬ፣ ዘይትስ..." ብለው ሲጀምሩ ሻምበሉ "አባቴ፣ እርስዎን አይመለከትም" ብሎ አቋረጣቸው። ካቴናውን ከኪሱ ሲያወጣ አየሁ። እናቴ ታየችኝ፤ ለጎረቤት ምን ብላ እንደምትናገር አሰብኩ።

ይሄኔ የቤቱ እመቤት ከጓዳ ወጡ። የጠቆረ አሮጌ ነጠላ በእጃቸው ይዘዋል። እኔን ለማዳን የመጡ እንዳይመስላችሁ፤ ለመክሰስ ነው የመጡት።

"የዚች ባለቤቶች እናንተ ናችሁ?" አሉት ሻምበሉን። "ከሥሯ የፈሰሰው ለምራን ማለስለሻ ይሆናል ብዬ እንደ ቅቤ ባጠልለው፣ ነጠላዬን ምን እንዳደረገው እዩልኝ! ምን ያለ ዘይት ነው ኮረት ያለበት?"

ምራን ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ጠፍር ነው፤ ካላወዙት ደርቆ ይበጠሳል። ሻምበሉ ግን ምራንም ነጠላም የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። "ዞር በይ!" አለ። እሳቸው ዞር በይ ሲባሉ የሚዞሩ ሴት አይደሉም። ነጠላውን ወስደው አፍንጫው ሥር ዘረጉት።

ጎንበስ ያለው ቴክኒሺያኑ ነው። ነጠላው ላይ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። በጣቱ ዳሰሰው፣ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ከዚያ "የፈሰሰበት ዕቃ የት አለ?" አለ። እንስራው መጣ። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

"ዘይት ነበራት" አለ ቴክኒሺያኑ። "ሞተሩ ነው ውስጥ ለውስጥ የተፋጨው። ችግሩ ከጥገናው ነው።"

ሻምበሉ እንስራውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እንስራውን አየ። ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ። ነጠላውን ደግሞ "ማስረጃ ነው" ብሎ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። መኪናው ውስጥ ስገባ ከደስታ ብዛት እንባዬ ይወርዳል። እሳቸው ከኋላችን "ነጠላዬን! አንተ ሰውዬ፣ ነጠላዬን መልስ!" እያሉ ይሮጣሉ።

ሰሜን ዘመትኩ፤ እግዜር ሲለኝ ተመለስኩ። አብረውኝ ከተመረቁት ብዙዎቹ አልተመለሱም። እናቴም መመለሴን ሳታይ አረፈች። ጦርነቱ እንዳበቃ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ነጠላ ገዝቼ ይጁቤ መሄድ ነበር። እመቤቲቱ አሹና "ያችን አይሆንም" አሉኝ። በዓመቱ ወፈር ያለ ወሰድኩ፤ ከበዳቸው። ሳሳ ያለ ወሰድኩ፤ "ይኼማ ወንፊት ነው" አሉ። ጥበቡ ሲሰፋ ለሙሽራ ነው፣ ሲጠብ ለሐዘን ነው። አንዳንድ ዓመት ተናድጄ "ከእንግዲህ ብሄድ!" እላለሁ፤ ታኅሣሥ ሲመጣ ግን ገበያ ውስጥ ሸማኔ ስጨቀጭቅ ራሴን አገኘዋለሁ።

ዘንድሮም ከሚኒባስ ወርጄ፣ ነጠላውን በፌስታል ይዤ ደረስኩ። ልገባ ስል የልጅ ልጃቸው ድምፅ ከውስጥ ተሰማኝ።

"እማማ፣ ሳጥኑ እኮ በነጠላ ሞልቷል። ምናለ አንድ ቀን እንኳ ጥሩ ነው ብትይው? አያሳዝንሽም?"

"አንቺ ደግሞ፤ ነጠላ መቼ ቸገረኝ?" አሉ። "እናት የለው፣ ወንድም የለው። ጥሩ ነው ካልኩትማ በቃ ብሎ ይቀራል። ከዚያ በምን ይመጣል?"

በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔን በመሀረብ ጠረግሁ፣ ሳል አልኩ፣ ገባሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ነጠላውን እጃቸው ላይ አኖርኩ። በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አሹት።

"ያችን አይሆንም" አሉኝ።

"አዎ፣ አይሆንም" አልኩ። "ለከርሞ ሌላ አመጣለሁ።"