በወይራ የታጠነው በርሜል

ነገሩ የሚመለከተን አራት ነን፤ በመንግሥት የስንዴ እርሻ ላይ የአረምና የተባይ ኬሚካል ይረጭ የነበረው ታላቅ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ አሰላ ላይ ያከመው ሐኪም፣ አራተኛው እኔ።

በደርግ ዘመን በርሜል እንደ ልብ አይገኝም። እርሻው የኬሚካሉን ባዶ በርሜል ለሠራተኞቹ ሲሰጥ ወንድሜ ደስ ብሎት አንዱን አመጣ። ሚስቱ በአመድ ፈተገችው፤ በእንዶድ አጠበችው። በመጨረሻም እንደ ወተት ዕቃ በወይራ ጭስ አጠነችው። በእኛ አገር ዕቃ መጽዳቱ የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። ሽታው ሲጠፋ ከጣራው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ አጠራቀመችበት፤ ቤተሰቡም ከነልጆቹ ለዓመታት ከዚያ ጠጣ።

ከጊዜ በኋላ ወንድሜን የማይረካ ውሃ ጥም ያዘው፤ ከሳም። ሐኪሙ የስኳር በሽታ ነው አለው።

«ከየት ባመጣሁት ስኳር? ቀበሌ የሚሰጠን እንኳን ለሰው ለጉንዳንም አይበቃም» አለ ወንድሜ።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ ስለሆነ የማላውቀውን መጠየቅ አላፍርም፤ ስለ በርሜሉ ጠየቅሁት።

«በዘርም ይመጣል፤ ምክንያቱ ብዙ ነው» አለኝ። «እንዲህ ያለ ኬሚካል ለበሽታው ሊያግዝ ይችላል ብለው የሚጠረጥሩ አሉ። ከርጭቱ ይሁን ከውሃው፣ ወይም ከሁለቱም አይሁን፣ እርግጡን ልነግርዎት አልችልም። ልጆቹን ግን ከዚያ አያጠጧቸው።»

ቤት እንደገባን «እትዬ፣ ይህ በርሜል ይውጣ» አልኳት።

«ቁልቁል ወንዝ ወርደህ ውሃ የምትቀዳልኝ አንተ ነህ? ደግሞስ ምን ይሸታል? ና፣ አሽትተው።»

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ወይራ ወይራ ብቻ ይላል። ሽታ የሌለው ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ለሰውም ለዕቃም ይሠራል።

ወንድሜ ዲጂኖውን አንሥቶ በርሜሉን ከታች በሳው። ውሃው በግቢው ፈሰሰ።

«እኔ ጠጥቼዋለሁ» አለ። «ልጆቹ ግን ይቅርባቸው።»

ያመመው በዚያ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። ከልጆቹ እስከ ዛሬ የታመመ የለም። የከፈልነው ግን ይኸውና፦ ወንድሜ ሥራውንና ሁለት የእግር ጣቶቹን አጣ። ሚስቱ ለስኳር በሽታው መርፌ ስትል ጥገት ላሟን ሸጠች፤ ውሃም ከወንዝ በእንስራ ትሸከም ጀመር። እኔም ውሃ እንድትጭንላት አህያዬን ሰጠኋት፤ የሰጠሁትም እያጉረመረምኩ ነው።