እጃቸውን አጣጥፈው የቆሙት ተማሪዎች

የሱንኬሳሪ ታማንግ ችግር ቀላል ይመስል ነበር። በየዓመቱ ከኖርዌይ ወደ ኔፓሏ መንደራችን ለሦስት ሳምንት የሚመጡት የሕክምና ተማሪዎች ሳያውቁ ሰው ያስቀይማሉ። ነፍሰ ጡሮችን አግባብታ ወደ ጤና ኬላ የምታመጣው በጎ ፈቃደኛ ደግሞ እሷ ናት። ስለዚህ ትምህርት አዘጋጀችላቸው፦ ምድጃ አትጠጉ፣ የተቀመጠ ሰው እግር አትሻገሩ፣ በግራ እጅ አትቀበሉ።

ጎበዞች ነበሩ፤ አንዱንም አልረሱም። ታዲያ ምን ሆነ? እንዳይሳሳቱ ፈርተው እጃቸውን አጣጥፈው በር ላይ ይገተሩ ጀመር። ሻይ ሲቀርብላቸው እንኳ እርስ በርስ ይተያያሉ።

የእማማ ጅትማያ ምራት ፓቢትራ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ እግሯ አብጧል። ያለ አማቷ ፈቃድ ደግሞ የትም አትሄድም።

“ለእነዚህማ አላሳያትም፤ ተጸይፈውናል” አሉ እማማ።

“ኧረ እማማ! አክብረውዎት እኮ ነው” አለች ሱንኬሳሪ።

“እንዲህ የሚከበረው ሬሳ ነው!”

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደስተኝ ቀጥላ ያደረገችው ነው። ትምህርቷን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ማረን የምትባለውን ተማሪ እጇን ይዛ ወሰደቻትና፣ “እማማ፣ ጉልበትዎን በሰናፍጭ ዘይት ትሽልዎት፤ እርስዎ ያሳይዋት” ብላ አጠገባቸው አስቀመጠቻት።

“ጠንከር በይ! ገንፎ ነው እንዴ የምታማስይው?” አሉ እማማ። ሱንኬሳሪ ስትተረጉምላት ማረን እስከ ክርኗ በዘይት ርሳ ሳቀች።

“በዚህ እጅሽ አማትሽ ያባርሩሻል!”

“አማት የለኝም።”

“ዕድለኛ!” አለች ፓቢትራ ከጓዳ፤ ወዲያው አፏን ያዘች። እማማ ከሁሉም በላይ ሳቁ።

“ነይ አንቺ ምላሰኛ፣ እግርሽን አሳያት።”

ማረን እብጠቱን በጣቷ ስትጫነው ጎድጉዶ ቀረ። የደም ግፊቷን ለካች፤ ከፍተኛ ነው። ጂፕ ያስጠሩት ራሳቸው እማማ ናቸው። ፓቢትራ ወረዳው ሆስፒታል ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ግን እዚያም ሌላ ነገር ታየ። ከከተማ የመጡት ነርሶች እማማን ከክፍሉ አስወጥተው ፓቢትራን ስለ ሕመሟ ጠየቋት፤ እሷ ደግሞ ያለ አማቷ ለእንግዳ ሰው አትናገርም። ነርሶቹ የአገራችን ልጆች ናቸው፤ ግን ተራራ ላይ አድረው አያውቁም።

አሁን ሱንኬሳሪ በየቅዳሜው እየወረደች፣ ነርሶቹ መንደራችን መጥተው እንዲያድሩና ኑሯችንን እንዲማሩ አለቃቸውን ትለምናለች።

“እኛ ኔፓላውያን አይደለንም እንዴ? ምን እንማራለን?” ብላ ነበር አለቃዋ መጀመሪያ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሁለት ነርሶችን ለሁለት ሌሊት ፈቀደች። ሱንኬሳሪ የሚያድሩበትን ቤት መርጣ፣ ሦስተኛዋን ሌሊት ለማስጨመር እየተከራከረች ነው።